ሮጥሁ ያልሁባቸው ጠዋቶች

ጥቅምት 4
በ12 ሰዓት ወጣሁ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። እንደ ወትሮው ዓባይ ድልድይ ደርሼ ልመለስ ነበር... አልደረስሁም። ደረቴን ጥብቅ አደረገኝ። ቆምሁ። ስተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ዕድሜ ይሆን? አርባ አንድ ዓመት ይኼን ያህል ነው እንዴ?
አምባቸው ለሥራ ጎርጎራ ከተዛወረ ስድስተኛ ወሩ። ከተጋባን ጀምሮ አሥር ዓመት አብረን ሮጠናል፣ እሱ ሁልጊዜ በሐይቁ በኩል። ሲሄድ "በዚያው ሰዓት እኔም እዚያ እሮጣለሁ፤ አብረን እንደ ሮጥን ይቆጠራል" አለኝ። ሲጨርስ ይደውላል። ዛሬም ደወለ።
"ድልድዩ ደረስሽ?"
"ደረስሁ። አንተስ?"
"ወደቡ ድረስ።"
ለምን ዋሸሁት?

ጥቅምት 11
ግማሹንም አልሄድሁ። "ደረስሁ" አልሁት።

ጥቅምት 15
የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው መሐል ሳል ይዞኝ ቆምሁ። የሥራ ባልደረባዬ ሀኒ "ብርድ ነው፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ" አለች። ጠጣሁ። ሳሉ ባሰ።
ሩጫውን ብተው ምን ይቀረኛል? ባሌን የማገኘው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ጥቅምት 22
ዛሬ ፈራሁ። አየሩ ይገባል፣ አልወጣ ይላል። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ዓሣ የምትሸጠው እናትዓለም፣ በየጠዋቱ ሰላም የምትለኝ፣ ዓሣዋን ጥላ መጣች። "አይዞሽ እሌኒዬ፣ አትናገሪ... ቀስ ብለሽ።" ባጃጅ አስቁማ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ጭምብል አድርገው እንደ ጉም ያለ መድኃኒት ሰጡኝ። ደረቴ ሲከፈትልኝ አለቀስሁ።
ስልኬ ጠራ። አምባቸው። አላነሣሁም።
በኋላ "ስልኬን ቤት ረስቼው" አልሁት።

ጥቅምት 24
ዶክተር ብሥራት ቱቦ ሰጥተው "ንፊ፣ ንፊ፣ እስኪያልቅ" አሉኝ። መድኃኒት ስቤ እንደገና ነፋሁ። ሁለተኛው ትንፋሼ በለጠ።
"አስም ይመስላል።"
"በልጅነቴ እኮ አልነበረብኝም።"
"በትልቅነትም ይጀምራል። ሁለት ሳምንት መድኃኒቱን ወስደሽ እናያለን።"
"ሩጫስ?"
"አሁን አትሩጪ። ሲሻልሽ ትመለሻለሽ። ያኔ ከመነሣትሽ ሩብ ሰዓት በፊት በሰማያዊው ዕቃ ያለውን መድኃኒት ትስቢያለሽ፣ ቀስ እያልሽ ትሟሟቂያለሽ።"
ለአምባቸው ምን ልበለው? እዚያ ብቻውን እየሮጠ...

ኅዳር 1
ነገርሁት። ሁሉንም።
ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልሁ።
"እሌኒ... እኔም ከሐምሌ ወዲህ ሮጬ አላውቅም።"
"ወደቡ ድረስ ስትለኝ የነበረውስ?"
"ለብቻዬ እግሬ አልነሣ አለኝ። አንቺ ደስ ብሎሽ ስትነግሪኝ እንዴት ልንገርሽ? አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምደውልልሽ።"
ዘጋሁበት። ያን ሁሉ ጠዋት ከማን ጋር ነበር የሮጥሁት?

ኅዳር 3
አልደወለም። አልደወልሁም። ቤቱ ሰፋብኝ።

ኅዳር 9
ዶክተሩ እንደገና አስነፉኝ። አስም ነው። መድኃኒቱ ግን ይዞልኛል፤ ቀስ ብዬ መጀመር እችላለሁ። የሥራ ቦታውን ደረጃ ሳልቆም ወጣሁ። ደስ አለኝ... ለማን ልንገር?
እኔው ደወልሁ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

ኅዳር 12
ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወጣሁ። እሱም እዚያ ወጣ፣ ስልኩን ሳንዘጋ። መጀመሪያ እርምጃ፣ እያወራን። ከዚያ ሶምሶማ። ወሬው ቀረ። ትንፋሹን ሰማሁት። ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ከእኔ ብሶ።
"ቆምሁ" አልሁት፣ ገና መንገዱ እኩሌታ ላይ።
"እኔ ቀድሜሽ ቆሜያለሁ።"
ሳቅን። ስንት ወር አፌ ላይ እየመጣ የምመልሰውን ጠየቅሁት።
"መቼ ነው የምትመጣው?"
"ለገና።"
"ሩቅ ነው፣ አምባቸው።"
"ሩቅ ነው" አለ።
ሁለታችንም አልዘጋንም።