የእናቴ ቋጠሮ ሂርና ገባ

ጭሮ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሑዘይፋ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የምጽፍልህ ስልክህን እሷ ስለምታነሳው ነው። ጤናህን አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ ከሂርና የመጣ ሹፌር ሳል ይዞታል ሲለኝ ግን አላስቻለኝም። ሂርና ማታ ማታ ይበርዳል፣ ጋቢህን ደርብ። ያቺ ሴት ደረትህን ብርድ እንደማይስማማው የምታውቅ አይመስለኝም። ልጃችን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ደህና ነው። ስላንተ ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው እለዋለሁ፤ ከእንግዲህ ራስህ ንገረው።

ባለፈው ሐሙስ ጫት ወደ ድሬዳዋ የሚጭነው ጅብሪል መደባችን ጋ መጥቶ፣ "አቦ፣ እጅሽ ሂርናም ደርሷል፤ ጫትሽን ከዚያ ገዛሁት" አለኝ። ወደ ሂርና የምልከው ጫት የለኝም ስለው ከመኪናው አንድ ዙርባ ጫት አውጥቶ አሳየኝ። የተጠቀለለበት የኮባ ቅጠል ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ገመዱ ከሥር ተቋጥሯል። የእናቴ ቋጠሮ ነው። ነጋዴው ሁሉ ሳይፈታ ሳይመርጥ የሚገዛን ያንን አይቶ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

እናቴ ከቤታችን ልጅ ሌላ ለማንም እንዳላሳይ አስምላኝ ነበር። በተጋባን ዓመት ላንተ ያሳየሁህ የቤታችን ልጅ ሆነሃል ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ለሀኒፋ አሳየሃት፣ ኮባ እንድትወለውልልኝ እኔው ራሴ ለቀጠርኳት።

ከሷ ጋር መሆንህን የሰማሁ ቀን አልቅሼ ወጣልኝ። ይሄኛው ግን አልወጣልኝም። ያ ቋጠሮ በማየት አይለመድም። ከኋላዋ ተቀምጠህ ጣቶቿን በጣቶችህ ካልያዝክ እጇ አይለምደውም፤ እኔም አንተን ያስተማርኩህ እንደዚያ ነበር፣ እየሳቅን፣ እየፈታን፣ እንደገና እያሰርን። አሁን ጫት ለማሰር በተቀመጥኩ ቁጥር የናንተ እጆች ፊቴ ድቅን ይላሉ። ቀንቼ ነው፣ አላፍርበትም።

ስለዚህ ቅዳሜ ገበያው መሀል ተቀምጬ ጫት ለሚሸጡት ሴቶች በሙሉ አስተማርኳቸው። ደንበኛ ስትነጥቀኝ የኖረችው ዑሙልኸይር እንኳ፣ "ምን ነካሽ እህቴ? የገዛ ቤትሽን እኮ ነው የምታፈርሺው" አለችኝ። እሷንም አስተማርኳት። ሰኞ ጅብሪል መጥቶ የኔን ጫት ከጎረቤቶቼ መለየት አቃተው፤ ከዑሙልኸይር ጭኖ ሄደ። እኔ ከስሬያለሁ። ሀኒፋም ግን ከእንግዲህ በእናቴ እጅ አትነግድም። ሂርና ላይ እንደማንኛውም ሰው ተጋፍታ ትሽጥ።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ሀኒፋን በኒካሕ ልታገባት እንደሆነ ነግረውኛል። ሁለቱ ቤት አንድ ንግድ ይሁን፣ አንቺ ትልቋ ነሽና እሺ በይ ይሉኛል። አርብ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ሻይ አቀርብላቸዋለሁ፣ ዱዓቸውን እቀበላለሁ፣ ከዚያ እምቢ እላቸዋለሁ። ሂርናን ያዙት። የጭሮው መደብ የእናቴ ነው፤ ሀኒፋ እግሯን አታሳርፍበትም። አንተንም ለሁለት መካፈል አልችልም።

አላህ ሳልህን ያንሳልህ። ከመንገድ ክፉም፣ ከሰው ክፉም ይጠብቅህ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አርብ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳትመጣ። ፊትህን ካየሁ እሺ የምል ይመስለኛል።

የሑዘይፋ እናት፣
ዙለይኻ