እናቴ ዝም አላለችም

ሃርክላፍ፣ ላንክሻየር
ኅዳር፣ እ.ኤ.አ. 1952

ለሬዲዮ ጣቢያው የቤተሰብ መዝናኛ ክፍል ዋና ኃላፊ
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሮዎ፣ ዛሬ ትንሽ ሥራ ይጠብቀዋልና። እኛ የሃርክላፍ የጥጥ ፋብሪካ ሸማኔዎች፣ ዝናቡም ሳሉም እንደ ልማዳቸው ቢሆኑም፣ ደኅና ነን። ሁላችንም ግን አይደለንም፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳጣት ፈልጌ እንዳይመስልዎ። በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ስለ መልካም አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላመጡልኝ፣ ታትሞ ሲወጣ ምናልባት አንብቦ የሚነግርዎ ሰው ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው መስከረም ፋብሪካው ለከተማዋ ዓመታዊ ዕረፍት ተዘግቶ ሳለ፣ ጣቢያዎ «የቤተሰብ ቀን» ብሎ ከማለዳው መዝሙር እስከ ምሽቱ የዳንስ ሙዚቃ ድረስ ከሠራተኞቹ ምግብ አዳራሽ በቀጥታ አስተላልፏል። እውነቱን ለመናገር ጅማሬው ደስ ይል ነበር። ለቤት እመቤቶች በተዘጋጀው የሰውነት ማፍታቻ ጎረቤታችን ሚስ ክሌግ ወገቧን ይዟት ጎንበስ እንዳለች ቀረች፤ የከተማችን የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ጉንጩ እስኪቀላ ነፋ፤ ሕፃናቱ ተረት ሰሙ፤ ሻይና የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች እንደ ልብ ነበር። ቤት የቀሩትም ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ አውጥተው መንደሩ ሁሉ አንድ ቤት መሰለ። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምስጋናዎች ግን ሌላ ዓይነት ናቸው።

ነገሩ የተበላሸው ቀትር ላይ፣ ሰዎች ከቤት ርቀው ለሚገኙ ዘመዶቻቸው ሁለት ቃል ተናግረው ዘፈን በሚጋብዙበት ዝግጅት ነው። እናቴ አዳ ከርሾ የተመረጠችው ለወንድሜ ለዊልፍ እንድትናገር ነበር። ዊልፍ ከተራራው ማዶ ባለው የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝቷል። አምቡላንሱ ሊወስደው የመጣ ዕለት እናቴ የወጥ ቤቱን በር ዘግታ ሳትሸኘው ቀረች፤ እሱም በበሽታው አፍራብኝ ነው ብሎ ቂም ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ልንጠይቀው ስንሄድ ሁለቱ ስለ አየሩ ብቻ ያወሩ ነበር። ሐኪሞቹ ደረቱን ሊከፍቱት የቀጠሩት በዚያው በዝግጅታችሁ ማግሥት ነው። እናም የእናንተ ግብዣ ሲመጣ፣ እግዜር ለሁለት ግትር ሰዎች ሲል ሬዲዮ ፈጠረ አልኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ እናቴን ጨዋ አነጋገር ያስተምሯት ዘንድ ስለላኳቸው ስለ ረዳትዎ ስለ ሚስ ዳፍኒ አመሰግናለሁ። እኚህ ጓንት ያላወለቁ ወጣት እመቤት ከማለዳ ጀምሮ እናቴን ጥግ አስይዘው፣ አንድ ቃል በተናገረች ቁጥር «ኧረ እንደሱ አይበሉ ወይዘሮ ከርሾ፣ አገር እኮ ነው የሚሰማዎት! ትንሽ ለስለስ ያድርጉት እንጂ!» ይሏት ነበር። ቀትር ሲደርስ እናቴ በልቧ ይዛ ከመጣችው ሁሉ የቀረላት «ጤና ይስጥልኝ ዊልፍሬድ፣ እኛ ደኅና ነን» የሚል ብቻ ሆነ። ወንድሜን ከክርስትናው ቀን ወዲህ ዊልፍሬድ ብሎ የጠራው ፍጡር የለም። አንዲት ሴት ሙሉ ዕድሜዋን ልጆች ባሳደገችበት አንደበቷ እንድታፍር ማድረግ በዚያች ጠዋት ውስጥ መጠናቀቁ ያስደንቃል።

ሁለተኛ፦ ቀዩ መብራት በራ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ እናቴም ያን ማይክሮፎን ባየች ጊዜ ድምፅዋ ከዳት። ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ዝም አላለችም። የሽመና ማሽኖቹ ሲንጫጩ የመድፍ ድምፅ እንኳ ስለማይሰማ፣ እኛ እርስ በርስ የምናወራው ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነው፤ አንዷ ከንፈሯን ገልጣ ትናገራለች፣ ሌላዋ ከአዳራሹ ማዶ ሆና ታነባለች። እናቴ ማንም ወዳላረማት ወደዚያ ንግግር ሸሸች። ሬዲዮ ፊት የሌለው መሆኑን በዚያች ሰዓት ረሳችው። አዳራሹን የሞሉት ሸማኔዎች ሁሉ ያነበቡትን እኔም አነበብኩ፤ እንዲህ አለች፦

«ዊልፍዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንዳትፈራ። በሩን የዘጋሁት እኮ ተቆጥቼህ አይደለም። ሳለቅስ እንዳታየኝ ብዬ ነው። ምን ላድርግ፣ ሞኝ ነኝ። አልጋህን ምድጃው አጠገብ አድርጌልሃለሁ። ብቻ ና።»

እኔ ራሴ በሩን ለምን እንደዘጋች ያወቅሁት ያኔ ነው። ሴቶቹ በሽርጣቸው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። የእርስዎ ዝነኛ መድረክ መሪ ሚስተር ሮላንድ ፔምበርተን ግን ከጎኗ ቆመው፣ እናቴ ገና «ና» እያለች ሳለ ማይክሮፎኑን ነጠቋትና ለመላው አገር እንዲህ አሉ፦ «አይ ዊልፍሬድ፣ ወንድሜ! እናትህ ምላሳቸውን ቤት ረስተው ነው የመጡት! ለአንተ የሚሉት ምንም የላቸውም፤ ግን ግድ የለም፣ እኛ ሙዚቃ አለን!» ወዲያውም የሳቅ ዘፈን ተለቀቀ።

እኔ ወደ ስልክ ቤቱ ሮጥኩ። የሆስፒታሉ ነርስ፣ ነገ ቀዶ ሕክምና ስላለበት ዕረፍት እንዲያደርግ ታዟል፣ ማንም አያነጋግረውም አለችኝ። መልእክት ትቼለት ነበር፤ ደብዳቤም በመጀመሪያው ፖስታ ልኬ ነበር። አንዱም አልደረሰውም። ከጎኑ ተኝተው የነበሩት ሚስተር ኦግደን በኋላ እንደነገሩኝ፣ ዊልፍ የሬዲዮ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ መንጠቆው ላይ ሰቀለና «ድሮስ ምን ትለኛለች» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንድሜ በማግሥቱ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት አልወጣም። እናንተ ገደላችሁት አልልም፤ የገደለው በሽታው ነው። እናቱ ለእሱ የምትለው እንደሌላት አምኖ እንዲሄድ ያደረጋችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር በትሕትና ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንጀቴ አርሯል፤ ሊያውቁት ይገባል።

በቀብሩ ዕለት እናቴ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ከራስጌው ቆማ ያንኑ ንግግር እንደገና በከንፈሯ ተናገረችው። ቄሱ የምትጸልይ መስሏቸው ቆባቸውን አወለቁ። ሸማኔዎቹ ግን አንገታቸውን ደፉ፤ በእኛ ዘንድ ለሌላ ሰው የተባለን ቃል ማንበብ ነውር ነው።

ሦስተኛ፦ ለማጽናኛ በሚስተር ፔምበርተን እጅ ስለላኩልን ቆርቆሮ ብስኩትም አመሰግናለሁ። አልተከፈተም።

አራተኛና ዋናው፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ባለፈው ሳምንት የደረሰን የጽሕፈት ቤትዎ ብሥራት ነው። «የቤተሰብ ቀን» እጅግ ስለተወደደ ለገና በድጋሚ እንደሚተላለፍ፣ «ምላሷን የረሳችው እናት» ደግሞ ከዓመቱ አስቂኝ ገጠመኞች አንዱ ሆኖ እንደተመረጠ በደስታ ተገልጾልናል። እናቴ ማሽኑ ጆሮዋን ስላደከመው ሬዲዮውን በደንብ አትሰማ ይሆናል። ፊታችንን ግን ታነባለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ አዎ፣ ይድገሙት። ነገር ግን ከድምፅ ቅጂው ላይ የሚስተር ፔምበርተንን ቀልድና ዘፈኑን ቆርጠው ይጣሉና እናቴ የተናገረችበትን ያን ጸጥታ እንዳለ ይልቀቁት። ማንም አይግባበት፤ ምንም አይሞላበት። የገና ምሳውን ከቦ የተቀመጠ ቤተሰብ ሁሉ ሬዲዮው የተበላሸ እየመሰለው አንድ ጊዜ ዝም ይበል። ያ ጸጥታ እናቴ ናት፤ ለልጇ እየተናገረች ነው። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ግን ቅጂውን ያቃጥሉት።

የጣቢያዎን የምሽት ሙዚቃ ለዘለዓለም ያጠፋች፣ ዳሩ ግን ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ንጹሕ ሳንባና በሕመም አልጋዎ አጠገብ ሳይቋረጥ የሚናገር ሰው ከመመኘት ያልቦዘነች፣ ታላቅ አክባሪዎ፣

ኔሊ ከርሾ
ሸማኔ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እናቴ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከሚስተር ፔምበርተን እጅ ስትቀበል የተነሣው ፎቶግራፍ «አመስጋኟ እናት» በሚል ርዕስ በመጽሔትዎ ሽፋን ላይ ወጥቷል። እናቴ ያን ጊዜ በከንፈሯ የምትለው ምስጋና አይደለም። ቃሉ ለቤተሰብ ጋዜጣ ስለማይሆን እዚህ አልጽፈውም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ግን ልክ አፏ ላይ ይዞታል፤ በላንክሻየር ያለች ሸማኔ ሁሉ ከሩቅ ታነበዋለች። በየማሽኑ ላይ ስንለጥፈው መጽሔቱ ስላለቀብን፣ እባክዎ ሌላ ብዙ ቅጂ ይላኩልን።