ለመሸኛዬ ስለተመረጠችው ዓርብ

ለክቡር አቶ ማዘንጊያ ሰማኸኝ
የዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችን የቦርድ ሰብሳቢ
ግልባጭ፦ ለሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎ ማቀዝቀዣም የማይቋረጥ መብራት እመኛለሁ። በዲንነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ ከቤተ ሙከራው ቀድሞ የሚደርሰው ለዚያ ቢሮ ስለነበር፣ ሦስተኛው ምኞቴ ከወዲሁ የተሟላ መሆኑን አውቃለሁ። በመሸኛ ዝግጅቴ ላይ ባልደረቦቼን የማመሰግንበት ንግግር እንዳሰማ ስለጋበዙኝም አመሰግናለሁ፤ ንግግሩን ግን በዕለቱ ማድረግ ስለማልችል በዚህ ደብዳቤ አቀርባለሁ። የማልችልበትን ምክንያት ከታች አስረዳለሁ።

አንደኛ፣ ሽማግሌ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች የነርስ ረዳትነት የሚማሩበትን የዓርብ ክፍል ቦርዱ የዘጋው አዳራሹን ለሰርግ ለማከራየት ሲል መሆኑን፣ እኔም በዚሁ ምክንያት ከዲንነት እንደምለቅ በማያሻማ አማርኛ ጽፌ ነበር። የጠበቅሁት የጽሑፍ መልስ ነው፤ የመጡት ግን ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ያውም እስከ መኖሪያዬ ሶባ ድረስ በሃፍላ አውቶቡስ ተጨናንቀው። የሀገራችን ሰው ሥራ የሚለቀው ሲያኮርፍ ብቻ እንደሆነ ስለሚያምኑ ያስቀየመኝ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንም እንዳላስቀየመኝ፣ ጉዳዩ የአዳራሽ ጉዳይ መሆኑን አስረዳሁ። መሪያቸው አቶ አያሌው በትዕግሥት ካደመጡኝ በኋላ፣ «አዳራሹን ለጊዜው እንተወውና፣ ክፉ የተናገረህ ማን ነው?» አሉኝ። እርቅ ያለ በዳይ ስለማይሆን በዳይ ተፈለገ። በመጨረሻም መልቀቂያዬን በኮምፒውተር ከመተየብ በቀር ምንም ያላጠፋው ሬጅስትራራችን ሙሐመድአወል ተጠርቶ መጣና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አነሣሁት፤ ተቃቀፍን፤ ተመረቅን። ምስኪኑ ምን እንደበደለኝ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ቦርዱ ግን በማግስቱ ችግሩ በእርቅ መፈታቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ፤ እኔም ያንኑ መልቀቂያ ቀኑን ብቻ ቀይሬ እንደገና አስገባሁ።

ሁለተኛ፣ ለለውጥ ኮሚቴያችን ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ብሄድ ቅር ይለኛል። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የቆየውን መንግሥት ካወረደ ወዲህ፣ በግቢያችን፣ እዚህ ለጅና የሚሉት የአንድ ኮሚቴ አባል ያልሆነ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የአዳራሹ ማራገቢያ እንኳ የራሱ ለጅና አለው፤ ማራገቢያው አይዞርም እንጂ ለጅናው በየሳምንቱ ይሰበሰባል። መንገዱ ላይ ጎማ ሲነድ በነበረባቸው ወራት በራቸውን ቀርቅረው የከረሙ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ስለ ሕዝብ ድምፅ ሲናገሩ መስማት ያስደስታል። የዓርብን ክፍል መዘጋት የመረመረውም ይኸው የለውጥ ኮሚቴ ሲሆን፣ ከተማሪዎቹ ተቃውሞ ያቀረበ ባለመኖሩ ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። ስብሰባው የተጠራው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተማሪዎቹ የሰው ወለል ይወለውላሉ።

ሦስተኛ፣ ከነዚህ ተማሪዎች አንዷን ላስተዋውቅዎ፤ ኮሚቴው አልተዋወቃትም። ዘርፈሽ ትባላለች፤ ኦምዱርማን ውስጥ በአንድ ቤት ትሠራለች፤ የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ብቻ ነው። በሁከቱ ምክንያት የዓባይ ድልድይ በተዘጋበት ሰሞን ከቀሩብን ተማሪዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣችውም እሷ ናት። ለመጨረስ ሁለት ትምህርት ቀርቷታል። የምስክር ወረቀቷን ከያዘች ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የሚገኝ አንድ ክሊኒክ በረዳትነት ሊቀበላት ተስማምቷል፤ ካልያዘች ወደ ወለሉ ትመለሳለች። ክፍሉ መዘጋቱን የነገርኳት እኔ፣ ሙዲር የምትለኝ ዲኗ፣ ነኝ። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። «ሙዲር፣ ዓርብ ከተወሰደብኝ የትኛው ቀን የኔ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቦርዱን መልስ እንደማመጣላት ነገርኳት። ቦርዱ ለእኔ ሽማግሌ ልኳል፤ ለእሷ ግን እስካሁን ምንም አልላከም።

አራተኛ፣ የመሸኛ ጥሪው ደርሶኛል፤ ካርዱም እጅግ ያማረ ነው። ዝግጅቱ የሚካሄደው በዚያው አዳራሽ፣ በመጪው ዓርብ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት እንደሆነ ይገልጻል። ይህ የዘርፈሽ ክፍል ሰዓት ነው። ባለሰርጎቹ እንኳ በዚያ ሰዓት አዳራሹን አይፈልጉትም፤ ይህን የማውቀውም ሄጄ ስለጠየቅኋቸው ነው። በቅርቡ ከተከራዩት አንዱ፣ የሙሽራዋ አባት፣ በሻይ ካስተናገዱኝ በኋላ የእነሱ ሰርግ ከምሽቱ የመግሪብ ሶላት በፊት ጀምሮ እንደማያውቅ፣ ቀደም ብለው የሚመጡት ወንበር የሚደረድሩት ብቻ መሆናቸውን ነገሩኝ። ሴቶቹ በተደረደረው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢማሩ በረከት ነው፤ ኢንሻአላህ ከመካከላቸው አንዷ ለልጄ ልጆች ትደርሳለች አሉ። ካርቱም ውስጥ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ቦርድ፣ ሱዳኖች በስንት ሰዓት እንደሚዳሩ አንድ ሰው እንኳ አለመጠየቁ የአመራር ጥበብ ስለሚሆን፣ እኔ ዲን ብቻ የነበርኩት ሰው አስተያየት መስጠት አልደፍርም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የለቀቅሁት ዲንነቱን እንጂ መምህርነቱን ስላልሆነ፣ በመጪው ዓርብ በአሥር ሰዓት በአዳራሹ ውስጥ እገኛለሁ፤ የምቆመው ግን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ነው። ተማሪዎቼን ጠርቻለሁ። ተጋባዥ እንግዶችም ስልካቸውን አጥፍተው ከኋላ ቢቀመጡ ደስ ይለናል። ልታለብሱኝ ያዘጋጃችሁት ጀለቢያ ልኬ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ፤ ለሌላ ተሰናባች ይቀመጥ። በእሱ ፈንታ ዓርብ ከሰዓት እስከ መግሪብ የዚህ ክፍል መሆኑን በፊርማዎና በማኅተም አረጋግጠው ቢሰጡኝ፣ ከእጅዎ ተቀብዬ ለዘርፈሽ እዚያው አስረክባታለሁ። ካልሰጡኝም የሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ነኝ፤ ዲን ስላልሆንኩም ማንም ከሥልጣኔ ሊያነሣኝ አይችልም።

ጊዜዎን ለዚህ ረጅም ደብዳቤ ስለሰጡ፣ ወይም እንዲያነብልዎ ለጸሐፊዎ ስለሰጡ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ ዲንዎ፣ የዓርብ መምህርዎ
ዓለምነህ ገብረየስ
ሶባ፣ ጥቅምት 2012 ዓ.ም.

በተጨማሪ፦ የዕለቱ ትምህርት የመርፌ አወጋግ ነው። እስካሁን የተለማመድነው በብርቱካን ላይ ሲሆን አሁን የሰው ክንድ ያስፈልገናል፤ ለተማሪዎቹም የክቡርነትዎን ክንድ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ሸሚዝ ለብሰው ቢመጡ።