ፊርማዬን ያነሳሁበት ቀን

ውድ ጋሼ ለምን፣

በዚህ ስም ስጠራዎ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። የግቢው ሰው ከጀርባዎ እንዲህ ሲልዎት ሰምተው፣ ሠላሳ ዓመት ፍልስፍና ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ማዕረግ አላገኘሁም ብለው ስቀው ነበር።

ከሄዱ ስምንት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልዎ አፍሬ ነው።

ያን ስብሰባ ያስታውሱታል? በየሳምንቱ ሳንቃውን ወደ ጥግ ገፍተን፣ አሥራ አራት ሆነን ምድር ቤት ባለው የአናጢነት ሥራ ቤቴ እንጸልይ ነበር። ጎረቤቶቻችን እምነታችን አልጣማቸውምና ይውጡልን ብለው ተሰበሰቡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። እርስዎ ከኋላ ሲነሱ ክው አልኩ። ፈጣሪ መኖሩን እንኳ እንደሚጠራጠሩ ስለማውቅ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ መጣብን ብዬ ነበር።

«ከጸሎታቸው አንዱንም አላምንበትም» አሉ። «ግን በዕድሜዬ በስንት ነገር እንደተሳሳትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልሳሳት የምችል ሰው፣ የሌላውን አፍ ምን ቆርጦኝ እዘጋለሁ?»

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። እኛ መጸለያችንን ቀጠልን፤ እርስዎን ግን ግማሹ ግቢ ሰላምታ ነፈገዎት።

የማያውቁትን አሁን ልንገርዎ። የጻፉት የፍልስፍና መጽሐፍ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በገባ ጊዜ፣ የጸሎት ማኅበራችን ሽማግሌ የልጆችን እምነት ያናጋልና ይነሳ የሚል ወረቀት ይዘው መጡ። ሳላነበው ፈረምኩ። በማግስቱ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ ሲሉኝ፣ ዓይንዎን ማየት አቃተኝ። መጽሐፉ ተነሳ። እርስዎም በወሩ እህትዎ ዘንድ ሄዱ።

ባለፈው ወር አላስችል ሲለኝ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ስሜን ይሰርዙልኝ አልኩ።

«መጽሐፉን አምነህበት ነው?»

«አላነበብኩትም» አልኩ። «አንብቤ ብጠላው እንኳ አይነሳ።»

ቁጡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው የእርስዎን መጽሐፍ አወጡ። «እኔም ያነበብኩት ካስነሳሁት በኋላ ነው» አሉ። የገጾቹ ዳር በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። ስንት ቀን ሲከራከሩዎት እንደከረሙ እግዜር ይወቀው።

ለርዕሰ መምህሩ አብረን ጻፍን። ትናንት መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

አሁን የሽማግሌውን ቅጂ ተውሼ እያነበብኩ ነው። በብዙው አልስማማም። ገጽ አርባ አንድ ላይ መጠራጠር የትሕትና ሌላ ስሙ ነው ይላሉ፤ ሽማግሌው ከጎኑ «ይህን ደግሞ ማን ነገራቸው?» ብለው ጽፈዋል። የእኔ ጥያቄ ግን ከገጹ ውጭ ነው። ያን ቀን ለእኛ ሲቆሙ፣ እኛ ለእርስዎ እንደማንቆም ጠርጥረው ነበር? ጠርጥረው ከነበረስ፣ ምን አስነሳዎት?

ይቅርታዎንም መልስዎንም የምጠብቅ፣
አናጢው