በጠመኔ የተጻፈው የቱሪስት ዋጋ

ለተከበሩ የድንበር መግቢያ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንደ መግቢያ ዋጋችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ ላይ ብቻ ይሂድልዎ።

እኔ ከጣቢያችሁ ፊት ለፊት የሚሠራው የታፔላ ጸሐፊ ትንሿ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ስላቋረጥኩ ስህተት ካገኙ ይለፉኝ፤ እኔም እስከ ማክሰኞ የእናንተን እያለፍኩ ነው የኖርኩት።

ማክሰኞ ታላቅ እህቴ ከነልጇ መጣች። ማዶ አግብታ የእነሱን ፓስፖርት ስለያዘች በአዲሱ ደንባችሁ የውጭ አገር ቱሪስት ናት። ይሁን። በልጅነቷ እዚያው ቢሮዎ ጀርባ ካለው ቦይ ወድቃ ጥርሷን የሰበረች ቱሪስት ናት፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። አባታችን ዓይኑ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ «ማየት የምትፈልገውን ዛሬ ነገ ሳትል እይ» ብሎታል፤ ማየት የሚፈልገው ደግሞ ያቺን ሕፃን ነው። እንዳይሻገር ፓስፖርት የለውም።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና፦

1. ደንቡ ሲወጣ በሬዲዮ የሰማነው የቱሪስት መግቢያ ዋጋ ሠላሳ ዶላር ነው። እህቴ ስትሰለፍም ሰሌዳው ሠላሳ ይል ነበር። ልጇን አጥብታ ቀና ስትል ሃምሳ ሆኖ ጠበቃት። በመካከሉ የደረሰ ነገር ቢኖር ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው የሞላበት አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው። እኔ ማንንም አልጠረጥርም፤ አውቶቡሱን ነው።

2. ግቢያችሁ ውስጥ «መሽናት ክልክል ነው» እንኳ በዘይት ቀለም ነው የተጻፈው። «እንኳን ደህና መጡ»ም እንደዚያው፤ ሁለቱንም የጻፈው አባቴ ነው። ዋጋው ብቻ በጠመኔ። ለምን ይሆን? ቀለም ጠፍቶ ከሆነ እኮ ጎረቤት ነን።

3. የገንዘብ ተቀባያችሁ ቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ነጭ ነው። እንዲህ ያለ እጅጌ ያየሁት የሒሳብ አስተማሪያችን ላይ ነበር፤ እሱ ግን አጥፍቶ ሲጽፍ መልሱ አይቀየርም። እህቴ ስለ ደረሰኝ ስትጠይቅ «አልቋል» ተባለች። ጠመኔው ግን፣ ተመስገን፣ አላለቀም።

4. «የምትጎበኚው ቅርስ?» ብሎ ጠየቃት። «አባቴን» አለችው። «እንግዲያው የቅርስም ጨምሪ» አላት። ስለተሰጠን ክብር እናመሰግናለን። ቅርስ ከሆነ ታዲያ ጥበቃ ይመደብለት፤ ጣሪያውም ያፈሳል፣ ይታደስለት።

ይህን አምስተኛ አልለውም። የያዘችው አልበቃ ሲላት እህቴ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ሕፃኗን ወደ ላይ አነሳችለት። አባቴም «አየኋት! ቁርጥ እናቴን!» እያለ እጁን አውለበለበ። የሚያውለበልበው ግን ለዘበኛችሁ ነበር።

ስለ መልካም መስተንግዷችሁ፣ ቱሪስት ለመሳብ ስለምትደክሙትም ድካም ውለታችሁን የሚመልስ አንድዬ ነው እያልኩ፣ ከከፍተኛ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ካለ ጥርጣሬ ጋር እሰናበታለሁ።

የቅርሱ ትንሿ ልጅ

የረሳሁት፦ ዛሬ ገንዘብ ተቀባያችሁ ምሳ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ «ሠላሳ» ብዬ በዘይት ቀለም ጻፍኩላችሁ። መሰላሉን የያዘልኝ አባቴ ነው፤ ፊደሉ ባይታየውም «ሠ»ን አጣመምሽው ብሎ ተቆጥቶኛል። አሁን ደርቋል። በእጅጌ አይለቅም፣ በክርንም ይሞክሩት። እህቴ ቅዳሜ ትመጣለች፤ የያዘችው ሠላሳ ነው።