የጣቢያው አዲስ ንጣፍ

ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐረር

ዛሬ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዘን ድሬዳዋ ወረድን። ወንድሜ የባቡር ጡረተኛ ነው። በየቅዳሜው ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር አሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት የብረት ኳስ ይጫወታል። ጨዋታው ሐዲዱን ከዘረጉት ፈረንሳዮች የወረሱት ነው፤ ኳሷን ይዞ የሚያቆማት አፈር ስለሆነ ያለ አፈር አይሆንም።

ሕንፃውን መልካም አድርገው አድሰውታል፤ አልክድም። ደጁን ግን በሚያብለጨልጭ ንጣፍ ሸፍነውታል። ወንድሜ አንድ ኳስ ወረወረ። አልቆም ብላ እስከ አጥሩ ተንከባለለች። የእድሳቱ መሐንዲስ እየሮጠ መጣ።

«አባባ፣ ንጣፉን ሊሰብሩት ነው? ይልቅ ቁጭ ብለው ፎቶ ይነሱ! ለእናንተ ብለን አይደል ያሳመርነው?»

«ለእኛ? ማናችንን ጠየቅህ?» አለው ወንድሜ።

«ሽማግሌ መቼ ምስጋና ያውቃል!» ብሎ ለሠራተኞቹ ሳቀላቸው።

ጠላሁት። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ኃላፊ አነጋግሬአለሁ፤ እንዲህ የጠላሁት የለም። አዘጋጁ ስለ እድሳቱ ደስ የሚል ዜና እየጠበቀኝ ነው። ይጠብቅ።

ሐረር ስንገባ ወንድሜ፣ «ባልደረባዬ ከበደ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚወጣው ለጨዋታው ብቻ ነበር» አለኝ። «አሁን ምን ብዬ ልጥራው?»