ለፊትሽ የመረጥኳቸው ብሩሾች

ጂንካ፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ያለምወርቅ፣

እንደምን አለሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን በምን ፊቴ ስለ ጤናሽ እጠይቃለሁ?

የምጽፍልሽ ከቀበሌያችን እስር ቤት ሆኜ ነው። ወረቀቱ ከክትባት መዝገቤ የገነጠልኩት ነው፤ በጀርባው የፍየል ቁጥር ብታዪ አትገረሚ። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሴት ምግብ ይዛልኝ ስትመጣ የት እንዳለሽ ጠየቅኳት። «ለአንተማ አልነግርህም» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ አንቺ ታውቂያታለሽ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ምግቡን እየበላሁ ሳስበው ልክ ናት አልኩ።

በቤታችን ቋንቋ፣ በአሪኛ ባወራሽ ይቀለኝ ነበር። ጽሕፈት የተማርነው ግን በአማርኛ ስለሆነ ነውሬንም በአማርኛ ልጻፈው። ነገ ጠዋት ከሌሎች ምልምሎች ጋር በመኪና ተጭኜ ወደ ማሠልጠኛ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ፣ አንድ ደግሞ የማስጠነቅቅሽ። ኑዛዜው ስለ ብሩሾቹ ነው።

ነጋሽን ለአንቺ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ሳይዘጋ እሱና እኔ አንድ መዘምራን ውስጥ ነበርን። ድምፁ ያማረ፣ ሲጸልይ እንባው የሚቀድመው ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ ደግሞ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኖ በሩ ላይ ማኅተሙን የመታው እሱ ነው። አባታችን ዳርጌ ከመሞታቸው በፊት «አምላኩን የሸጠ ሚስቱን አይምርም» ብለው ነበር። «አባባ፣ ዘመኑን ይወቁት እንጂ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሠርጋችሁ በሆነ በሦስተኛው ወር ስሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። ነጋሽ «የእንስሳት ሕክምና ሠራተኛ ለምርት ያስፈልጋል» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ያ ቀይ መስመር አፌን ለጎመኝ። አንቺም ታውቂው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽብኝም።

ያን እሁድ ምሳ እየበላን ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበታል አለና አገጭሽን በቡጢ አለሽ። ጭንቅላትሽ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፣ ምርጉ ተፈርክሶ ትከሻሽ ላይ ወረደ። ስትተፊ ደም ነበር። እኔ በእጄ ጉርሻ ይዤ ነበር። ዋጥኩት። አዝለሽ ያሳደግሽኝ ልጅ፣ ታላቅ እህቱ ፊት ለፊቱ ስትደማ ጉርሻውን ዋጠ። ወጡ ደግሞ ጨው አልበዛበትም ነበር። ቀምሼዋለሁና አውቃለሁ።

በዓል ሲቀርብ ግን ይጠነቀቅ ነበር። መድረክ ላይ ከጎኑ መቀመጥ ስለሚኖርብሽ ሳምንት ሲቀረው ፊትሽን ትቶ ጀርባሽንና ጭንሽን በቀበቶው ዘለበት ይገርፍሽ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ንዴቱን መቆጣጠር አቅቶት፣ የላብ አደሮች ቀን ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው ጉንጭሽን ሰነጠቀው። በማግስቱ ፓውደሩን በጥጥ ስትቀቢው ደረስኩ። ጥጡ ቁስሉ ላይ እየተጣበቀ ቅርፊቱን ይነቅለዋል፣ ደም ይመጣል፣ እንደገና ትቀቢያለሽ። «ጥጡ ነው የሚያመኝ» አልሽኝ። ዱላው ሳይሆን ጥጡ! እኔ ሞኙም መላ ያገኘሁ መሰለኝ።

ሐምሌ ላይ መሥሪያ ቤቴ የአባ ሰንጋ ክትባት እንዳመጣ አዲስ አበባ ላከኝ። ፒያሳ፣ የሴቶች መዋቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁና የፊት ብሩሽ ጠየቅሁ። ባለሱቋ ጠና ያሉ ሴትዮ ነበሩ። አንዱን አወጡና «ንጹሕ የፍየል ጠጉር ነው፣ የውጭ ዕቃ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ፍየልን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። ከወይጦ እስከ ካንጋተን ስንቱን ፍየል በጉልበቴ መሃል ይዤ የከተብኩ ሰው ነኝ። አንዲት ጠጉር ነቅዬ ክብሪት ለኮስኩባት። ጠጉር ቢሆን ይጨስና ይከረፋ ነበር፤ ቀልጣ ጫፏ ላይ ትንሽ ጥቁር ዶቃ ሠራች።

«ናይለን ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ አፍረው ሳቁና ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ሣጥን አወጡ። አንድ ሰዓት ያህል አደከምኳቸው። የእያንዳንዱን ጠጉር በጣቴ ጎተትኩ፣ የሚነቀል ከሆነ መለስኩ። የብረት ቀለበቱ ከእጀታው ጋር ይላላ እንደሆን ነቀነቅሁ። በመቀስ የተከረከመውን ጣልኩ፤ የተከረከመ ጠጉር ጫፉ ድፍን ስለሚሆን ይወጋል፣ ያልተነካው ግን ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ነክሬ አራገፍኩት፣ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ በዓይኔ ቆብ ላይ አዞርኩት። የግልገል የሆድ ሥር ጠጉር ነበር፣ ምንም አይቆረቁርም። ሦስት መረጥኩ፦ ሰፊውን ለጉንጭሽ፣ ትንሹን ለዓይንሽ ሥር፣ ቀጭኑን ለከንፈርሽ።

«ለሙሽራ ነው?» አሉኝ እየጠቀለሉ።

«አይ፣ ለዘመድ።»

«ቆዳዋ ደረቅ ነው ወይስ ወዛም? ፓውደሩም እንዲስማማት ብዬ ነው።»

«ቁስል አለበት» አልኩ ሳላስበው።

«የምን ቁስል?»

ገንዘቤን መቁጠር ጀመርኩ። ሴትዮዋ መጠቅለሉን አቁመው አዩኝ። ገብቷቸዋል።

«ወንድም የላትም?» አሉኝ።

«የላትም» አልኩ።

ያለሜ፣ ይቺን ቃል ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠቅልለው ሰጡኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያም እስከ ጂንካ ድረስ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ፣ ክትባቱን ከእግሬ ሥር ጥዬ።

ስሰጥሽ ሰፊውን በእጅሽ ጀርባ ላይ አስኬድሽውና ሳቅሽ። «የግልገል ጆሮ ይመስላል። ኧረ ደምሴ፣ ምንም አያምም!» አልሽኝ። ነጋሽም አንድ በአንድ አገላብጦ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ያህል እንደተደሰተ እያየሁ ለምን እንደተደሰተ አልገባኝም።

የሚቀጥለውን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ መጻፍ ያለብኝ ግን እኔ ነኝ። ብሩሾቹ ከመምጣታቸው በፊት ለበዓል ሲል ፊትሽን ይምረው ነበር። ከመጡ በኋላ የሚምርበት ምክንያት አጣ። ፊትሽን የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖር ሰው ያያል የሚለው ፍርሃቱ ነበር። ያንን ፍርሃት መርጬ፣ በእሳት ፈትኜ፣ አስጠቅልዬ ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ነሐሴን ሙሉ ፊት ፊትሽን መታሽ። ጠዋት ይመታሻል፣ ከሰዓት ስብሰባ ይወስድሻል። ሴቶቹ «የሊቀመንበሩ ሚስት እንዴት ተውባለች!» ይሉ ነበር።

መስከረም ሁለት፣ በአብዮቱ በዓል ዕለት፣ ጠዋት አስጠራኝ። ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠሻል። የግራ ዓይንሽ ተደፍኗል፣ የላይኛው ከንፈርሽ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የፊት ጥርስሽ አንዱ የለም። እሱ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል።

«አሰናዳልኝ» አለኝ ሳይዞር። «እንግዶቹ በአራት ሰዓት በአውሮፕላን ይገባሉ። የእሷ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

ብሩሹን አነሳሁ። የእኔም እጅ ተንቀጠቀጠ። «ፍየል ስትወጋም እንዲህ ያደርግሃል?» አልሽኝ በሹክሹክታ፣ ልታረጋጊኝ። አንቺ እኔን! ፓውደሩን ስቀባው ደሙ ከሥር እየመጣ ያረጥበዋል። ነጋሽ ፊቱን እየጠረገ መጥቶ አየ። ብሩሹ ጉንጭሽ ላይ፣ እጄም ብሩሹ ላይ እንዳለ ከላይ በቡጢ ደገመሽ። እጀታው በመዳፌ ውስጥ ተሰበረ፣ አንቺም ከነበርጩማሽ ወደቅሽ።

«ደሙን አቁመው!» አለ። የተቆጣው እኔን ነበር።

አነሳሁሽ። ለከብት ቁስል የምነሰንሰው ዱቄት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ እሱን ነሰነስኩበት። ደሙ ቆመ። በላዩ ፓውደር፣ በዓይንሽ ዙሪያ ኩል፣ ስንጥቁ ላይ ሊፕስቲክ። ሥራው አማረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ራቅ ብዬ አይቼ በእጄ ሥራ ኮራሁ።

ሜዳው ላይ የነበረውን ሕዝብ ታስታውሻለሽ። ከብቶቹን ከማኮብኮቢያው አባረው፣ አውሮፕላኑ አርፎ፣ እንግዶቹ መድረክ ላይ ወጡ። ነጋሽ የተናገረው ስለ ሴቶች እኩልነት ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ ተነሳሽ። ከእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ የውሃውን ማሰሮ አነሳሽና ፊትሽ ላይ ገለበጥሽው። በቀዩ የጠረጴዛ ልብስ ጠረግሽ፣ ጠረግሽ፣ ዱቄቱም ቅርፊቱም እስኪነሳ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረሽ ቆምሽ። አንድ ቃል አልተናገርሽም። ከኋላ አንዲት ሴት «ኡ! ኡ!» ብላ ጮኸች፣ ሰው እንደሞተባት። የእንግዶቹ አለቃ አቀርቅሮ ወረቀቱን ያነብ ጀመር። ደሙ በአገጭሽ ሲንጠባጠብ እኔ ከፊት ረድፍ ነበርኩ፣ አልተነሳሁም።

«አብዮቱን አዋረደች» ብለው ሦስት ቀን አስረው ውስጥ እግርሽን ገረፉሽ። በተፈታሽ በሳምንቱ ጠፋሽ።

ነጋሽ እኔን ያዘኝ። ሁለት ቀን በኤሌክትሪክ ገመድ አስገረፈኝ። በሁለተኛው ቀን የውትድርናውን መዝገብ ይዞ መጣ። «ስምህን ልመልሰው ወይስ የት እንዳለች ትነግረኛለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። እውነቱን ግን ልንገርሽ፣ ባውቅ ኖሮ እነግረው ነበር። ያዳነሽ የእኔ ጀግንነት አይደለም፣ አለማወቄ ነው። ለቀቀኝ፣ ግን በየሳምንቱ እየጠራ «ሰማህ?» ይለኛል። አንድ ቀን እሰማ ይሆናል፣ ከተማው ትንሽ ነው። ራሴን ደግሞ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ ትናንት በእግሬ ሄጄ ለመዝመት ከሚመዘገቡት ጋር ተሰለፍኩ። ስም በሚጻፍበት ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠው ነጋሽ ነበር።

«ትቀልዳለህ?» አለኝ።

«ስሜን ጻፍ።»

«ጓድ ደምሰው፣ እህትህ እስክትገኝ አንተ የትም አትሄድም።»

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ያ ብረቱ። አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደገምኩት፣ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሦስተኛውን ሳነሳ ጠባቂዎቹ በሰደፍ ጣሉኝ። አሁን ስጽፍልሽ በአንድ ዓይኔ ነው፣ በግራ ጎኔም መተንፈስ አልችልም። ምልምሎችን ሊረከብ የመጣው መቶ አለቃ ግን ሳቀና «እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው» ብሎ በገዛ እጁ መዘገበኝ። ሁለት ምት የአንቺን ስቃይ አያካክስም። ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ማስጠንቀቂያዬ ይኸውልሽ። ግንባር የሞተ ሰው መርዶ የሚመጣው በቀበሌ በኩል ነው፣ ይኸውም በነጋሽ እጅ ነው። የእኛ ሰው ከሠርግ ቢቀር ከወንድሙ ለቅሶ እንደማይቀር ያውቃል። አንቺን ለመያዝ ከእኔ ሞት የተሻለ ወጥመድ የለውም። ዛሬ ይሁን ከዓመት በኋላ፣ ደምሰው ሞተ ይላል። ድንኳን ያስጥላል። እናታችን እውነት መስሏት ደረቷን ትደቃለች፣ ድምፅዋም ያለሽበት ይደርሳል። እንዳትመጪ።

በእውነት ብሞትስ? ያው በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው። ምልክት ልስጥሽ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ የሞተ ሰው ምልክት አይልክም። እውነቱን ከውሸቱ የምትለዪበት መንገድ የለሽምና ሁሉንም ውሸት ነው በይ። ማቅ አትልበሺ፣ ፀጉርሽን አትላጪ። ሰው ሁሉ አልቅሶልኝ ሲያበቃ አንቺ ብቻ፣ አርጅተሽም ቢሆን፣ ደምሰው አንድ ቦታ አለ በይ።

ወንድምሽ
ደምሰው ዳርጌ